ጨረቃ ላይ ፍሬን ስትይዝ

ጥያቄ፦ አጭር ልብወለድ እየጻፍኩ ነው። ባለታሪኳ ጨረቃ ላይ በብስክሌት መልእክት የምታደርስ ልጅ ናት። ጓደኞቼ «ሳይንሳዊ ልብወለድ ውስጥ ሳይክል ምን ይሠራል?» ብለው ሳቁብኝ። ልተወው እንዴ?
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ በፍጹም እንዳትተዪው! አሜሪካ፣ ፖርትላንድ ውስጥ ኤሊ ብሉ የምትባል ጸሐፊና አሳታሚ እንዲህ ያሉ ታሪኮችን እየሰበሰበች ለዓመታት በመድበል አውጥታለች። የምትፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ታሪኩ ውስጥ ብስክሌት ይኑር፣ አተያዩም ፌሚኒስት ይሁን። የቀረው የደራሲው ፈንታ ነው።

ሁለቱ ደግሞ የቆየ ዝምድና አላቸው። በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓና የአሜሪካ ሴቶች ሳይክል ላይ ሲወጡ፣ ሐኪሞች ሳይቀሩ ፊታችሁ ይበላሻል እያሉ ያስፈራሯቸው ነበር። «የብስክሌት ፊት» የሚል የበሽታ ስም ሁሉ ወጥቶለታል። ብዙዎቹ ግን ረጅሙን ቀሚስ በሰፊ ሱሪ ቀይረው መንዳታቸውን ቀጠሉ።

አሁን ወደ ልጅሽ እንምጣ። የጨረቃ ስበት የምድር አንድ ስድስተኛ ነው። ሳይክሉ ይቀልላታል ብለሽ ይሆናል፤ ጉዱ ያለው ፍሬኑ ላይ ነው። ክብደቷ ሲቀንስ ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ የሚይዝበት ኃይልም አብሮ ይቀንሳል። ፍጥነቷ ግን ያው ነው። ምድር ላይ ፍሬን ይዛ በ5 ሜትር የምትቆም ልጅ፣ እዚያ 30 ሜትር ያህል ልትንሸራተት ትችላለች። ኩርባ ላይማ አስቢው! ይህን ትዕይንት ሳትቸኩይ ጻፊው፤ የሳቁብሽ ጓደኞችሽ እዚህ ጋ ትንፋሻቸውን ይያዙ።

ከመነዳሪ አያስፈልግሽም። አፖሎ 15 በ1971 ጨረቃ ላይ ያሽከረከረው መኪና ጎማው ከብረት ሽቦ የተጠለፈ ነበር። ያንቺም ሽቦው ይበጠስ፣ በወፍራም ጓንት ፒንሳ ይዛ ራሷ ትጠግነው። እባክሽ ከየት መጣ የማይባል ወንድ ጠጋኝ እንዳታመጪባት፤ ታሪኩን የሚገድለው እሱ ነው።

የጠፈር ልብሷንም አትርሺ። ናሳ በመጋቢት 2019 ሁለት ሴቶች ብቻቸውን ከጠፈር ጣቢያው ውጪ እንዲሠሩ ያወጣውን ዕቅድ ቀይሯል፤ ለሁለቱም የሚሆን መካከለኛ ቁጥር ልብስ ተዘጋጅቶ አልተገኘም። ሁለት ሴቶች አብረው የወጡት በጥቅምት ነው። ልጅሽ የለበሰችው በማን ልክ የተሰፋ ነው? ጉልበቷን አጥፋ ፔዳል መምታት ትችላለች? ስትጨርሺው ላኪልን፤ መልእክቱ ለማን እንደሚደርስ ለማወቅ ጓጉቻለሁ።