ኩፍኝ አይደግምም፣ ጉንፋን ለምን ይመላለሳል?

እህቴ፣ «ኩፍኝ አንዴ ከያዘ አይደግምም ይባላል፤ ጉንፋን ግን ልጄን በየጊዜው ይይዘዋል፤ ለምን?» ብለሽ ጠይቀሻል።

ሰውነታችን ውስጥ ቢ ሴል እና ቲ ሴል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች አሉ። እያንዳንዱ ሴል ለይቶ የሚያውቀው የራሱን ጠላት ብቻ ነው። የኩፍኝ ቫይረስ ሲገባ እሱን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ እስኪባዙ ቀናት ይፈጃል። ልጅ ጉሮሮውን ሲታመም አንገቱ ስር የሚዳሰሰው ንፍፊት አንዱ የመባዣ ቦታቸው ነው። ቢ ሴሎቹ ቫይረሱ ላይ የሚጣበቅ አንቲቦዲ ያመርታሉ። ቲ ሴሎቹ ደግሞ ቫይረሱ የገባባቸውን የገዛ ሴሎቻችንን እየፈለጉ ይገድላሉ።

ሕመሙ ሲያልፍ አብዛኞቹ ይሞታሉ። የቀሩት ግን ቫይረሱን አይረሱም። እ.ኤ.አ. በ1846 የፋሮ ደሴቶችን ኩፍኝ ሲያጥለቀልቅ ፓኑም የተባለ የዴንማርክ ሐኪም አንድ ነገር አስተዋለ። በ1781 ኩፍኝ ይዟቸው የነበሩ አዛውንቶች አልታመሙም። ከ65 ዓመት በኋላ! እኔን እስካሁን ይገርመኛል።

ጉንፋንስ? እሱ አንድ በሽታ አይደለም። ራይኖቫይረስ የሚባለው ብቻ ከ100 በላይ ዓይነት አለው። ልጅሽን የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ሌላ አዲስ ዓይነት ነው።

ግን አደራ፣ «ይያዘውና ይውጣለት» እንዳትዪ። ኩፍኝ ሌሎች በሽታዎችን የሚያስታውሱትን ሴሎች ጭምር ያጠፋል። ክትባቱ ያለዚህ ጉዳት ያንኑ ትውስታ ይሰጣል። እኛ አገር በ9 እና በ15 ወር ይሰጣል፤ ሁለተኛው ካለፈው ካርዱን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ።