የጓሮ አትክልት ጥያቄና መልስ ከጋሼ ጋር፣ ሀዋሳ

ጋሼ፦ እሺ ጀምሩ። ግቢያችሁ በቀን ስንት ሰዓት ጸሀይ እንደሚያገኝና ውሃችሁ ከየት እንደሆነ ሳትጽፉ "አትክልቴ ደረቀ ምን ላድርግ" አትበሉኝ። ደሞ ትኩስ ፍግ መደብ ላይ አትበትኑ፣ ይሄን ዛሬ ደጋግሜ ስለምለው ከወዲሁ ልመዱት።

ተከራይ ታቦር፦ ጋሼ እንደምን አመሹ፣ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነኝ፣ በረንዳዬ ከጠዋት እስከ 5 ሰዓት አካባቢ ጸሀይ አለው፣ ውሃው የቧንቧ ነው። ቲማቲም አምሮኝ ነበር

ጋሼ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው! ቲማቲሙን ግን እርሳው፣ ጸሀዩ አይበቃውም፣ በክረምት ደሞ ዋግ ይጨርሰዋል። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመን ሞክር። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አናቱን ቆርጠህ ታቹን ብሳው። እርጥብ አፈር የሞላ ጀሪካን ወደ 30 ኪሎ ስለሚጠጋ የበረንዳው ብረት ላይ እንዳትሰቅለው፣ ወለል ላይ ይቀመጥ። ጎመኑን ከስር ከስር ቅጠሉን እየለቀምክ አናቱን ካልነካህ ለወራት ትበላለህ።

የዳቶዋ፦ አትክልቴ ቢጫ ሆነብኝ መፍትሄ?

ጋሼ፦ የቱ አትክልት? ከላይ ምን አልኩ?

የዳቶዋ፦ ይቅርታ ጋሼ ጎመን ነው፣ ጸሀይ ቀኑን ሙሉ አለ፣ ውሃ የዝናብ ነው። ዝናቡ ከበረታ ወዲህ የታችኛው ቅጠል ነው ቢጫ የሆነው። ዩሪያ ልጨምር?

ጋሼ፦ ከታች ከጀመረ ናይትሮጅን አጥሮታል፣ ዝናቡ አጥቦት ነው። እዚ ከተማ ብዙ ቦታ አፈሩ ከእሳተ ገሞራ የመጣ አሸዋማ ነገር ስለሆነ ውሃም ምግብም አይዝም፣ ዩሪያውንም የሚቀጥለው ዝናብ ይዞት ይሄዳል። ኮምፖስት ጨምሪ።

ሐይቅ ዳር፦ ኮምፖስት ሞክሬ ሸተተ፣ ዝንብ በዝንብ ሆነ፣ ጎረቤት ተጣላኝና ደፋሁት

ጋሼ፦ እንኳን ጠየቅክ። የሸተተው እርጥብ ብቻ ስለጣልክ ነው፣ የሽንኩርት ልጣጭና የተረፈ ወጥ ጉድጓድ ውስጥ ከተህ ከደንክበት አይደል? አየር ሲያጣ ይበሰብስና ይገማል። ለአንድ ባልዲ እርጥብ ሁለት ባልዲ ደረቅ ነገር አድርግ፣ ደረቅ ቅጠል፣ ሳር፣ ሰጋቱራ፣ የተቀዳደደ ካርቶን። ወጥ፣ ስጋና ዘይት አይገባም። የክምሩ ቁመትም ወርድም አንድ ሜትር አካባቢ ይሁን፣ ካነሰ አይሞቅም። ከ55 ዲግሪ በላይ ሞቆ ቀናት ሲቆይ ነው የአረም ዘሩንም የወስፋት እንቁላሉንም የሚገድለው። ቴርሞሜትር ከሌለህ ብረት ሰክተህ አቆይና ስታወጣው ይዘህ መቆየት ካቃተህ ጥሩ ነው። በየሳምንቱ ወይ በየሁለት ሳምንቱ አገላብጠው፣ እርጥበቱ ስትጨምቀው ጠብ ጠብ የማይል ግን እጅህን የሚያረጥብ ይሁን፣ ከ3 ወር በኋላ አፈር አፈር ይሸታል። አመድ በጣም ጥቂት፣ ሐይቁ አካባቢ አፈሩ ራሱ እንደ አመዱ ወደ አልካሊ ስለሚያደላ። እና በዚ ከተማ ደረቅ ነገር አጣሁ የሚለኝ ሰው አይገባኝም! የጫት ገረባ በየመንገዱ በማዳበሪያ እየታሰረ ይጣላል፣ የቡና አተላ በየጀበናው ይደፋል፣ ከዛ ሰው ሄዶ አፈር በብር ይገዛል።

ተከራይ ታቦር፦ ገረባው ላይ ኬሚካል የለበትም? ጫት ላይ እኮ ምን እንደሚረጭ አይታወቅም

አዲሱ ገበያ፦ ኬሚካል ቢኖርበት ቃሚው በህይወት ይኖር ነበር?

የዳቶዋ፦ ማን አለ ደህና ነው ያለህ 😂

አዲሱ ገበያ፦ ጎመኑ ላይስ አይረጭም? ዛሬ ተረጭቶ ነገ ገበያ የሚወጣ ሞልቷል፣ ጫት ላይ ብቻ ምን አስጮሃችሁ

ጋሼ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ በቃ። ገረባውን ከሌላ ነገር ጋር ደባልቁት፣ ቢያንስ 4 ወር ይብሰል፣ መጀመሪያ ለአቮካዶና ለማንጎ ስር ስጡት እንጂ ለሰላጣ አትቸኩሉ። ግንዱ ወፍራም ስለሆነ ከትፋችሁ ክተቱት።

ዶሮ ጀማሪ፦ ጋሼ ስለ ዶሮ፣ ሳሶ ይሻላል ቦቫንስ?

ጋሼ፦ ዶሮ አላውቅም። የፈንግል ክትባት አስከትብ፣ የቀረውን የእንስሳት ሐኪም ጠይቅ።

አሞራ ገደል፦ አሳስ? ጥሬውን በዳጣ እንበላለን፣ ችግር አለው?

ጋሼ፦ እኔ አብስዬ ነው የምበላው። ቀጣይ።

የአላሙራ ልጅ፦ ጋሼ አያቴ ግቢ እንሰት ነበር፣ እኔ አሁን 200 ካሬ ላይ ነኝ፣ ጸሀይ አለ ውሃው የጉድጓድ ነው። ሁለት ሶስት እንሰት ብተክል ሞኝነት ነው?

ጋሼ፦ ምን ሞኝነት አለው፣ ከጽጌረዳው ይሻልሃል። ቆጮ አገኛለሁ ካልክ ግን ከ4 እስከ 7 ዓመት መታገስ ነው፣ ፋቂም ያስፈልግሃል፣ ሙያ ነው። ቅጠሉ ግን እስከዛ ድረስ ዳቦ ትደፋበታለህ፣ ለጎረቤት ላም ትሰጣለህ። በመካከላቸው ሁለት ሜትር ያህል ተውና መጀመሪያዎቹ ዓመታት ጎመን አስገባበት። ከግድግዳና ከቧንቧ አርቀው። ዋናው ነገር አጠውላጊው በሽታ ነው፣ እኛ አገር ከታወቀ በፈረንጆቹ ከ1968 ጀምሮ ነው፣ መድኃኒት የለውም። አንድ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ይጠወልግና ግንዱን ስትቆርጠው ቢጫ ዝልግልግ ይወጣል። የሚያዛምተው ቢላ ነው! አንዱ ግቢ የቆረጠ ቢላ ሌላ ግቢ ሲገባ። ስለዚህ ቢላውን በእሳት፣ ሁሌ በእሳት። የታመመውን ከነስሩ ነቅለህ ቅበረው፣ ቅጠሉን ለላም አትስጥ። ችግኙንም ከየት እንደመጣ ሳታውቅ እንዳትገዛ፣ አያትህ ሰፈር ጤነኛ ካለ ከዛ አምጣ። ሙዝም ይይዛልና ጎን ለጎን ካለህ እሱንም እይ።

አዲሱ ገበያ፦ ቆጮ ግን የጉራጌ ነው፣ ለክትፎ ማለቴ ነው

የአላሙራ ልጅ፦ ቡርሳሜ በልተህ ታውቃለህ፣ የሲዳማን ቆጮ በቅቤ? በዘመን መለወጫችን በጨምባላላ ና እና እናሳይህ

አዲሱ ገበያ፦ ቅቤው ነው እንጂ የጣፈጠህ

የዳቶዋ፦ ጨምባላላ ላይ ሁሉም ይጣፍጣል ተዉ አሁን

አዲሱ ገበያ፦ ቡላስ? ቡላ ላይ ማን ይበልጣል በሉኝ

ጋሼ፦ ቆጮ ለመብላት ነው የመጣችሁት ወይስ ለመትከል? አቁሙ።

ሐይቅ ዳር 2፦ ጋሼ በርካሽ የከብት እበት አግኝቻለሁ፣ ሰላጣዬ ላይ ልበትነው?

ጋሼ፦ እንግዲህ! ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ ምን እያልኩ ነው? ትኩስ እበት ላይ ኢ ኮላይ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ አለ፣ ሰላጣ ደሞ ጥሬውን ነው የምትበላው። ወይ ኮምፖስት አድርገው፣ ወይ መሬት ውስጥ ቅበረውና አፈር የሚነካ አትክልት ከዛ ቦታ 4 ወር ሳይሞላው እንዳትለቅም። ዛፍ ስር ከሆነ እንደፈለግክ።

ሐይቅ ዳር 2፦ እሺ ጋሼ። በሐይቁ ውሃስ ሰላጣ ማጠጣት?

ጋሼ፦ አላደርገውም። ሐይቁ መውጫ የለውም፣ የከተማው ጎርፍ እዛው ገብቶ እዛው ይቀራል። የጣሪያ ውሃ አጠራቅም።

የአላሙራ ልጅ፦ ጋሼ የመጨረሻ፣ ቢላውን በእሳት ፋንታ በረኪና ቢሆንስ?

ጋሼ፦ ይሰራል። መጀመሪያ አፈሩንና ጭማቂውን እጠብ፣ ከዛ ንከረው፣ ቆሻሻ ያለበት ቢላ ላይ በረኪናው ስራውን አይሰራም። ብረቱን ግን ይበላዋል፣ ለዛ ነው እሳት የምልህ። በአንዱ እንሰትና በሌላው መካከልም እንደዛው፣ ግቢው አንድ ነው ብለህ እንዳትዘል።