ማኅደሩ ሰደፍ ስለሚሆነው ሽጉጥ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣ በሐዋሳ ከተማ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ስንማማር አንድ ተማሪዬ፣ ማኅደሩ ራሱ ሰደፍ የሚሆንና እንደ መትረየስ የሚተኩስ ሽጉጥ እንደነበረ ሰምቶ ጠየቀኝ። እንዲህ ያለ መሣሪያ በእርግጥ ነበርን? ከነበረስ ስለምን እንደ ክላሽ አልተስፋፋም?

መምህር፣ ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ተማሪዎ የሰማው እውነት ነው። የተነገረውም የጀርመኑ ማውዘር ፋብሪካ በ1932 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስላወጣው፣ ሽኔልፎየር ተብሎ ስለሚጠራው ሽጉጥ ሳይሆን አይቀርም። በጎኑ ያለው መምረጫ እንደ አቀማመጡ በነጠላ ወይም በሩምታ ያስተኩሳል፤ ከእንጨት የተሠራው ማኅደሩም ከእጀታው ጀርባ ሲገጠም ሰደፍ ይሆናል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው እርሱ አይደለም። ኦስትሪያ ሃንጋሪ በ1916 የሽታየር ሽጉጧን በሩምታ እንዲተኩስ አድርጋ ነበር፤ የስፔን ፋብሪካዎችም በ1920ዎቹ መጨረሻ የማውዘርን ቅጂ በሩምታ ተኳሽነት ለቻይና ገበያ አቅርበዋል፤ ማውዘርም የተነሣው ይህን ተቀናቃኝ ለመመከት ነው።

ያልተስፋፋበት ዋና ምክንያት፣ በእኛ እምነት፣ ክብደት ነው። በማንኛውም አውቶማቲክ መሣሪያ ውስጥ አንድ ብረት ወደ ኋላ ተገፍቶ ቀለሁን ይጥላል፣ በሞላ ተገፍቶ ሲመለስም አዲስ ጥይት ያጎርሳል። በሽጉጥ ላይ ይህ ብረት ቀላል፣ የሚሄድበትም ርቀት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ምልልሱ እጅግ ይፈጥናል። የኦስትሪያው ግሎክ 18 በደቂቃ ከ1,100 በላይ በሆነ ፍጥነት ስለሚተኩስ፣ 17 ጥይት የሚይዘው ካዝናው በአንድ ሰከንድ ገደማ ባዶ ይሆናል። አፈሙዙ ከጨበጠው እጅ በላይ በመሆኑ እያንዳንዱ እርግጫ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ተኳሹ ሳያወርደው ቀጣዩ ጥይት ወጥቷል። የተረፉት ጥይቶች የት እንደሚያርፉ ማንም አያውቅም፤ በሰው መካከል ይህ ከባድ አደጋ ነው።

የጀርመኑ ሄክለር ኡንድ ኮህ በ1970 ባወጣው ቪፒ 70 ላይ መምረጫውን ከሰደፉ ጋር አያይዞ፣ ሰደፍ ካልተገጠመ ሦስት ሦስት ጥይት እንዳይተኩስ አደረገ። የጣሊያኑ ቤሬታ 93አርም በሦስት ይገታል፤ ለግራ እጅም ከፊት ታጣፊ መያዣ አለው። ይበልጥ የታሰበበት ሆኖ ያገኘነው ግን፣ በአገራችን በሚገባ ከሚታወቀው ማካሮቭ ጋር በ1951 የሶቪየት ጦር የተቀበለው፣ ኢጎር ስቴችኪን የሠራው ሽጉጥ ነው። በእጀታው ውስጥ ባለ ሞላ የታገዘ ማዘግያ መዶሻው ጥይቱን ከመምታቱ በፊት ለቅጽበት ስለሚያቆየው፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ወደ 700 ገደማ ይወርዳል። ካዝናው 20 ጥይት ይይዛል፤ የማካሮቭ 8 ብቻ ነው።

ነገር ግን ስቴችኪን ያለ ጥይት አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ማኅደሩ ሲጨመር በወገብ ለመታጠቅ የማይመች፣ ከጠመንጃ ጋር ሲተያይም አቅም የሌለው ሆነ። ለተሽከርካሪ ሠራተኞችና ለመኮንኖች የታሰበ ነበርና፣ በ1979 የታየው አጭሩ ክላሽ፣ ኤኬኤስ 74ዩ፣ ያንኑ ሥራ በጠመንጃ ጥይት ወረሰው።

አዘጋጁ