ጅራፉን «ተኩስ ነው» አለኝ

ይድረስ ድምፅን በኮምፒውተር መለየት ለምትማሩ ልጆች፤

እንዴት ከረማችሁ? እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ። ዕድሜዬ ያለቀው በማይክራፎንና በአምፕሊፋየር መሃል ነው። ሬዲዮ ጠግኛለሁ፣ ለሰርግም ለስብሰባም ድምፅ አስተካክያለሁ፣ ኋላም ኤሌክትሮኒክስ አስተምሬያለሁ። ማሽን ለርኒንግ፣ ማለትም ኮምፒውተርን በምሳሌ ማስተማር፣ የጀመርኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ልጆቼ «አባባ፣ ደግሞ ይሄ ምን ይበጅሃል?» ብለው ስቀውብኛል።

ባለፈው ነሐሴ፣ ቡሄ ሲቃረብ፣ ላፕቶፔን መስኮት አጠገብ አድርጌ የሠራሁትን ሞዴል፣ ድምፅ ሰምቶ ምን እንደሆነ የሚናገረውን ፕሮግራም፣ ከፈትኩት። የሰፈር ልጆች ጅራፍ ያጮሃሉ። ጧ! ስክሪኑ ላይ «ተኩስ» የሚል ወጣ። ጧ! አሁንም «ተኩስ»። እስኪመሽ ድረስ ሐሳቡን አልቀየረም። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቆይቶ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። እዚህ አገር ጅራፍን ተኩስ ብሎ ማሳሳት የቀልድ ነገር አይደለም።

እስቲ አትፍረዱበት። ጅራፍ ሲጮህ ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ይወነጨፋል፤ «ጧ» የሚለው ያ ነው። ስፔክትሮግራም የድምፅ ሥዕል ነው ብላችሁ አስቡት። ከግራ ወደ ቀኝ ጊዜው ይሄዳል፣ ከታች ወደ ላይ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ድምፅ ይወጣል፣ ጩኸቱ ሲበረታ ቀለሙ ይደምቃል። ጅራፍ እዚያ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ቀጭን መስመር ይሠራል። ተኩስም እንደዚያው። ሞዴሉ የሚያየው ይሄንኑ ሥዕል ነው።

ደግሞ የተማረበትን ተመልከቱ። ያሠለጠንኩት በ2014 እንደ ፈረንጆቹ በወጣው፣ ኧርባንሳውንድ 8ኬ በሚባለው የከተማ ድምፅ ስብስብ ነው። 8,732 ቁራጭ ድምፅ አለው፤ ምድቦቹ 10 ናቸው። 374ቱ ቁራጭ ተኩስ ነው። ጅራፍ የለበትም። ምድቦቹ ሲመረጡ የኒው ዮርክ ሰዎች ስለ ጫጫታ ለከተማቸው ያቀረቡት አቤቱታ ታይቷል። የኒው ዮርክ አቤቱታ ስለ ማርቆስ ቡሄ ምን ያውቃል? ሞዴሉ ከ10 መልስ አንዱን የግድ መስጠት አለበት፤ «ይሄንን አላውቀውም» የሚል መልስ እኔው አልሰጠሁትም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገባችሁ።

እና ምክሬ አንድ ነው፤ ዳታችሁን፣ ሞዴሉን የምታስተምሩበትን ድምፅ ማለቴ ነው፣ በጆሯችሁ ስሙት። ኢኤስሲ 50 የሚባለውን የድምፅ ስብስብ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። 50 ዓይነት ድምፅ አለው፣ ለእያንዳንዱ 40 ናሙና፣ እያንዳንዱ 5 ሴኮንድ። በድምሩ 2,000 ነው። ሁሉም ቢደመጥ ሦስት ሰዓት አይሞላም። አንድ የኳስ ጨዋታ ከነጭማሪው የምታዩ ልጆች ለዚህ ጊዜ የለንም አትበሉኝ። እኔ ሰማሁት። የእሳት መንጣጣቱን በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ መስሎኝ ተሸወድኩ፤ የክረምት ልጅ ነኛ። ደግሞ ሰዎች ራሳቸው በዚህ ስብስብ ሲፈተኑ ያገኙት ከመቶ 81.3 ነው። ስለዚህ ሞዴሌ 90 አመጣ ስትሉ ቆም በሉ።

እኔም 90 አልፌ ነበር። አሳፋሪውን ልንገራችሁ። ወፍጮ ቤት ገብቼ አሥር ደቂቃ ቀዳሁ። በ5 ሴኮንድ ሲቆረጥ 120 ናሙና ሆነ። ሙቀጫም ባጃጅም እንደዚያው ቀዳሁ። ሁሉንም አደባልቄ ግማሹን አስተማርኩበት፣ የቀረውን ፈተንኩበት። ውጤቱ ጉድ ነበር! በየቤቱ እየዞርኩ አሳየሁ። ከዚያ ከከተማ ወጣ ብዬ ሌላ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። «ባጃጅ» አለኝ።

ማታ ተቀምጬ የመጀመሪያውን ቅጂ ደግሜ ሰማሁት። የዚያ ወፍጮ ቀበቶ ላልቶ ኖሮ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሞዴሌ ወፍጮ አልተማረም። ያንን የላላ ቀበቶ ነው የሸመደደው። ለክፍል ሥራ የሰጠሁትን ጥያቄ መልሼ ለፈተና እንዳወጣሁ ቁጠሩት። ከአንድ ቅጂ የተቆረጠ ሁሉ ወይ ለትምህርት ብቻ ይሁን ወይ ለፈተና ብቻ። ኢኤስሲ 50 በ5፣ ኧርባንሳውንድ 8ኬ በ10 ክፍል ተከፋፍለው የመጡት ይሄ እንዳይሆን ነው። ክፍፍሉን አታፍርሱት። እኔ የራሴን ስሠራ ረሳሁት።

ስለ ስልክ ደግሞ። አንድ ጊዜ ልጆችን «የሰፈራችሁን ድምፅ ላኩልኝ» ብያቸው በቴሌግራም ቮይስ ላኩልኝ። ቮይስ ለንግግር የተሠራ ነው፤ ፋይሉን ለማሳነስ ድምፁን ይጨምቀዋል። ብዙ ስልክም ሰው ሲያወራ እንዲሰማ ብሎ ከኋላ ያለውን ጫጫታ ያጠፋል። እኛ የምንፈልገው ግን ያንኑ ጫጫታ ነው! ዋቭ በሚባለው ባልተጨመቀ የድምፅ ፋይል ቅዱ፣ እንደ ፋይል ላኩ፣ ስልኩ የድምፅ ማጣሪያ ካለው አጥፉት። የት፣ መቼ፣ በየትኛው ስልክ እንደተቀዳ ጻፉ። ገበያ ውስጥ ስትቀዱ የሰው ወሬ አብሮ ይገባልና አስፈቅዱ። ስለ ዋጋ የሚከራከሩ ሰዎች የእናንተ ዳታ ልንሁን አላሉም።

ሞዴሉን ከዜሮ ለማሠልጠን አትልፉ። ያምኔት የሚባለው 521 ዓይነት ድምፅ ለመለየት የሠለጠነ ሞዴል በነፃ አለ። ያንን መነሻ አድርጋችሁ በላዩ ላይ የራሳችሁን ትንሽ ነገር አስተምሩት። በአሮጌ ላፕቶፕ ይሠራል፤ የእኔው ምስክር ነው። መብራት ሲጠፋም ባትሪው እስኪያልቅ ይቆያል።

እኔ ቡሄን ጠብቄ የልጆቹን ጅራፍ ቀድቻለሁ። ሜዳ ላይ፣ ግንብ ሥር፣ ዝናብ እየጣለም። የገበሬውን የእርሻ ጅራፍ ደግሞ ለብቻው፤ እሱ በበሬው መሃል ስለሚጮህ ሌላ ነው። «ጅራፍ» የሚል ምድብ ጨምሬ እንደገና አሠለጠንኩት። አሁንም አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ግንብ ሥር የተጮኸው በተለይ አልለይለት ብሏል። ማስተጋባቱ ይመስለኛል፣ ገና እያየሁት ነው።

አሁን ያማረኝ የድንጋይ ደወል ነው። ኢኤስሲ 50 «የቤተ ክርስቲያን ደወል» የሚል ምድብ አለው፤ ስሰማው የብረት ነው። ጣና ደሴቶች ላይ ባሉት ገዳማት ግን እስከ ዛሬ ድንጋይ ተሰቅሎ ይመታል። ድምፁ ከብረቱ ይለያል፤ ቶሎ ይሞታል፣ የሚያቃጭል ጅራትም የለውም። ልጄ ባሕር ዳር ስላለች ፈቃድ እንድትጠይቅልኝ ልኬባታለሁ። «ደግሞ ድንጋይ ልትቀዳ?» አለችኝ። የመቅጃውን ባትሪ ቻርጅ ላይ አድርጌዋለሁ።