ጨረቃዋን ወይስ አፈሩን?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጎረቤቴ ዘር የምትዘራው የጨረቃ ካላንደር እያየች ነው። ዊንተሩ ሊወጣ ነው፤ እኔም ዘንድሮ ቃሪያና ጎመን ልሞክር አስቤያለሁ። ጨረቃ መጠበቅ አለብኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጎረቤትሽ የያዘችው የቆየ ልማድ ነው። ጨረቃ ከተወለደች እስክትሞላ ድረስ ከመሬት በላይ የሚበላው ይዘራል፤ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቲማቲም። እየጎደለች ስትሄድ ደግሞ ካሮት፣ ድንች፣ ሽንኩርት። መግረዝና ማረምም በመጉደያዋ ነው። በ2026 ማርች 3 ትሞላለች፣ 18 ማታ ደግሞ ትወለዳለች።

በዚህ ስሌት ቃሪያሽ እስከ 18 ሊቆይ ነው። አታቆዪው። ቃሪያ ወደ ውጭ የሚወጣው ሜይ አጋማሽ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ማደግ አለበት። በማርች መጀመሪያ ዝሪውና ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጪው። እኔ ፍሪጅ አናት ላይ ነው የማስቀምጠው። ብቅ ሲል ወደ መስኮት ይሂድ።

ጎመን ብርድ ይችላል። እሱን ከ18 በኋላ ውጭ ዝሪው፣ ጎረቤትሽም ደስ ይላታል። መጀመሪያ ግን አፈሩን ጨብጠሽ እዪው። እንደ ጭቃ ድቡልቡል ብሎ ከቀረ ገና ነው። ስትነኪው ፍርክስክስ ካለ ደርሷል። በጭቃው የተቆፈረ መሬት ሲደርቅ ድንጋይ ነው የሚሆነው።

አንድ ዓመት አፕሪል መጀመሪያ ላይ፣ ጨረቃዋ እየሞላች ነው ብዬ 12 የቲማቲም ችግኝ ወደ ውጭ አወጣሁ። ማታ ሰማዩ ጥርት፣ ጨረቃዋም ቁልጭ ብላ ነበር። ጠዋት ሁሉም ጠቁረው፣ ተኝተው አገኘኋቸው። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ያሳደግኳቸው ናቸው፤ በጣም አዘንኩ። ውርጩን ያመጣችው ግን ጨረቃዋ አይደለችም። ደመና ከሌለ መሬቱ ቀን ያጠራቀመው ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይሄዳል። ጨረቃዋ ቁልጭ ብላ ስትታይ ደመና የለም ማለት ነው። አፕሪል ውስጥ እንዲህ ያለ ማታ፣ ነፋስም ጸጥ ካለ፣ ውጭ ያለውን ለጋ ችግኝ በአሮጌ አንሶላ ሸፍኚው። ፀሐይ ስትወጣ ግለጪው።

የጎመን ዘርሽን ደግሞ ሁሉንም በአንዴ አትጨርሺ። ግማሹን አስቀሪና ከሁለት ሳምንት በኋላ ድገሚው።