ጠርዝ ላይ ስለሚሰበረው ፋይበር

ከደሴ የጠየቁን ወንድማችን፣ በፋይበር ግላስ ሰሌዳ ውስጥ የቀበሩት የፋይበር ኦፕቲክ ሴንሰር (መለጠጥን በብርሃን የሚለካ ቀጭን የመስታወት ክር) ሬዚኑ፣ ማለትም የሰሌዳውን ክሮች የሚያጣብቀው ፈሳሽ ሙጫ፣ ሲደርቅ ምልክት መስጠቱን እንዳቆመ፣ በሁለተኛው ሰሌዳ ደግሞ ጭነት ሳይኖር ንባቡ እንደሚዋዥቅ ገልጸው ምክንያቱን ጠይቀዋል። ኮምቦልቻ ውስጥ በዚሁ ሥራ ላይ ሳለሁ ሁለቱም ስለገጠሙኝ ያየሁትን ላካፍልዎ።

ምልክቱ ሲጠፋ ፋይበሩ ሰሌዳው መካከል የተሰበረ ይመስለናል። እኔ ሦስት ሰሌዳ ካበላሸሁ በኋላ ክፍሉን አጨልሜ፣ የኬብል ባለሙያዎች ስብራት የሚፈልጉበትን ቀይ ብርሃን በፋይበሩ ውስጥ ስሰድ፣ አንዲት ቀይ ነጥብ ልክ ፋይበሩ ከሬዚኑ በሚወጣበት ጠርዝ ላይ በራች። ውስጥ ያለው በሬዚን ተይዞ፣ ውጭ ያለው ልቅ ሆኖ ሲቀር፣ ሰሌዳውን ከሻጋታ ስናላቅቅም ሆነ ጠርዙን ስንሞርድ መታጠፉ ሁሉ በዚያች ነጥብ ላይ ያርፋል። ከዚያ ወዲህ መውጫውን በቀጭን የቴፍሎን ቱቦ አሳልፌ፣ ቱቦውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ሰሌዳው አስገብቼ፣ ሬዚን እንዳይሰርግበት አፉን በሲሊኮን እደፍናለሁ፤ የምቆርጠውም ፋይበር የማይወጣበትን ጠርዝ ብቻ ነው።

አቀማመጡንም ያስተውሉ። የኦፕቲክ ፋይበሩ መስታወት ብቻውን 125 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ሲኖረው፣ የማጠናከሪያው የመስታወት ክር አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ማይክሮ ሜትር ነው። ስለዚህ ከክሮቹ ጎን ለጎን ካልተኛና አቋርጧቸው ካለፈ፣ ዙሪያው ሬዚን ብቻ የሞላው ክፍተት ይፈጠርና ስንጥቅ ከዚያ ሊጀምር ይችላል፤ ጉዳትን እንዲጠቁም የቀበርነው ነገር ራሱ የጉዳት ምንጭ እንዳይሆን አጥብቄ አሳስባለሁ።

የሁለተኛው ሰሌዳ ችግር ሙቀት ይመስለኛል። በ1550 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ የሚሠራ የብራግ ግሬቲንግ (በፋይበሩ ውስጥ የተቀረጸ፣ አንድ የብርሃን ሞገድ ርዝመት ብቻ መልሶ የሚያንጸባርቅ ክፍል) የሚመልሰው የሞገድ ርዝመት ለአንድ ማይክሮስትሬን (የርዝመቱን አንድ ሚሊዮንኛ ያህል መለጠጥ) 1.2 ፒኮ ሜትር ያህል፣ ለአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ደግሞ 10 ፒኮ ሜትር ያህል ይንሸራተታል። ደሴ ላይ የተለካ ሰሌዳ ኮምቦልቻ ወርዶ በ6 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ማንም ሳይነካው ቢያንስ 50 ማይክሮስትሬን የተለጠጠ ያስመስላል፤ የሰሌዳው የራሱ መስፋፋት ሲጨመርበት ከዚያም ይበልጣል። እኔ ሁለተኛ ግሬቲንግ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ልቅ አድርጌ አጠገቡ እቀብርና ሙቀቱን በእርሱ እለካለሁ፤ የሰሌዳውን መስፋፋት ከንባቡ ላይ ለመቀነስ ደግሞ፣ ከመጫኔ በፊት ባዶውን ሰሌዳ በተለያየ የሙቀት መጠን አስነብቤ እመዘግባለሁ።

አዲስ ሰሌዳ ከመሥራትዎ በፊት ግን ዝም ባለው ላይ ቀዩን ብርሃን ይሞክሩና የበራበትን ቦታ ይጻፉልን።