ቤዝመንቱ ከመሞቁ በፊት ይድረቅ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቤቱ አሮጌ ነው፤ የቤዝመንቱ ግድግዳ ብሎኬት፣ ወለሉ ኮንክሪት፣ ስፋቱ 300 ካሬ ጫማ ያህል ነው። ምንጣፍ አነጠፍን፣ የሚሰካ ማሞቂያም ገዛን። ያም ሆኖ እግር ይበርዳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ይሸታል። እናቴ ለገና ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ እዚያ እንዲያርፉ፣ ቡናም እዚያው እንድናፈላ እንፈልጋለን። ከምን እንጀምር?»

መልስ፦ ምንጣፉን ያንሱት፤ ሽታው ያለው ከሥሩ ነው። የውጭው አየር 28 ዲግሪ ሲሞቅና እርጥበቱ 65 በመቶ ሲደርስ፣ ከ21 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ነገር ሁሉ ጤዛ ይይዛል። መሬት ላይ የተኛ ኮንክሪት ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ነው፤ ምንጣፍ ሲደረብበት የቤቱ ሙቀት ስለማይደርሰው ይብሳል። ሽታው እንዲወጣ ብሎ መስኮት መክፈትም እርጥቡን አየር መጋበዝ ነው። መስኮቱን ይዝጉና ዲሂዩሚዲፋየር (ከአየር እርጥበት የሚመጥ ማሽን) 50 በመቶ ላይ አድርገው ያሠሩ። ውሃው በቱቦ ወደ ወለል ፍሳሽ ይሂድ፤ ባልዲ መድፋት ቶሎ ይረሳል።

ውሃው ከመሬትም እየመጣ እንደሆነ ለማወቅ፣ 18 በ18 ኢንች የሆነ ግልጽ ላስቲክ ባዶው ኮንክሪት ላይ አድርገው አራቱንም ጠርዝ በቴፕ ያሽጉ፤ ሁለት ቀን ይተዉት። ከላስቲኩ በላይ ከረጠበ የአየር ጤዛ ነው። ከሥሩ ከረጠበ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ ግን ከመሬት ነው፤ ያኔ ውስጡ ላይ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ውጭውን ያስተካክሉ። የአሸንዳው መውረጃ ከግድግዳው ቢያንስ 6 ጫማ ርቆ ይፍሰስ፤ አፈሩም ከቤቱ በ10 ጫማ ርቀት ውስጥ 6 ኢንች ዝቅ ይበል። ብሎኬቱ ላይ የሚታይ ነጭ ዱቄት ውሃ እያለፈበት መሆኑን ይናገራል። ውሃ ይከላከላል ተብሎ የሚሸጠውን ቀለም ከውስጥ ቢቀቡት ውሃው ገፍቶ ያላጠዋል። የራዶን (ከመሬት ወደ ቤት የሚገባ፣ የማይታይ ጨረራማ ጋዝ) ምርመራም አሁን ይደረግ፤ 4 ፒኮኩሪ በሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጋዙን ለማስወጣት የሚገባው ቱቦ ወለሉን ስለሚበሳ፣ ወለል ከተሠራ በኋላ ማወቁ ያስቆጫል።

ከደረቀ በኋላ ብዙ ሰው የሚዘለው ቦታ አለ፦ ብሎኬቱ አልቆ የላይኛውን ፎቅ የሚሸከሙት እንጨቶች የሚያርፉበት ዙሪያ። የጥር ነፋስ በዚያ ነው የሚገባው። 2 ኢንች ጠንካራ ፎም በየእንጨቱ መካከል በልክ እየቆረጡ ያስገቡ፣ ዙሪያውን በጣሳ ፎም ይድፈኑ። በትንሽ ወጪ ይህን ያህል የሚያሞቅ ሥራ ቤቱ ውስጥ የለም።

ግድግዳው ላይ የተለመደው ስህተት ብሎኬቱን በፋይበርግላስና በላስቲክ መሸፈን ነው። የክፍሉ አየር በየቀዳዳው ሾልኮ ቀዝቃዛው ብሎኬት ላይ ውሃ ይሆናል፤ ላስቲኩ እንዳይደርቅ ይይዘዋል፤ ከድራይዎሉ (ከጂፕሰም ሰሌዳው) ጀርባ ሻጋታ ይበቅላል። ስለዚህ 2 ኢንች ኤክስፒኤስ ፎም (ጠንካራ የፎም ሰሌዳ) በቀጥታ ብሎኬቱ ላይ ይለጥፉ፤ አር-10 ይሰጥዎታል፤ አር ሙቀት እንዳያልፍ የመከላከል መለኪያ ነው። ሙጫው ለፎም የተሠራ ይሁን፤ ሌላው ፎሙን ይበላዋል። መገጣጠሚያዎቹን በቴፕ ያሽጉ፣ ከፊቱ የ2 በ4 እንጨት ያቁሙ፤ ኮንክሪት የሚነካው የታችኛው እንጨት በመድኃኒት የታከመው ዓይነት ነው። ግማሽ ኢንች ድራይዎል ከወለሉ ግማሽ ኢንች ከፍ አድርገው ይምቱ። ፎሙ ሳይሸፈን አይቅር፤ ሲቃጠል ጭሱ መርዝ ነው።

ለወለሉ 1 ኢንች ፎም፣ በላዩ 3/4 ኢንች ፕላይዉድ በኮንክሪት ብሎን የታሰረ፣ ከዚያ ቪኒል ፕላንክ። በጠቅላላው 2 ኢንች ይነሳል። ከጣሪያው በታች 7 ጫማ መቅረቱን አስቀድመው ይለኩ። የደረጃው የመጨረሻ እርከንም በዚያው ልክ ያጥራል፤ እርከኖች ከ3/8 ኢንች በላይ ከተበላለጡ ሰው ይደናቀፋል፣ በተለይ ትልቅ ሰው። ስለዚህ ደረጃው አብሮ ይስተካከል። ከፍታ ካነሰ ፎሙን ትተው ቪኒሉን ብቻ ያንጥፉ፤ እግር ትንሽ ይቀዘቅዛል።

የሚሰካው ማሞቂያ 1,500 ዋት ከሆነ 12.5 አምፔር ይወስዳል፤ የቡናውን ምድጃ እዚያው መስመር ላይ ሲሰኩ ብሬከሩ ይወርዳል። የኢንሱሌሽኑ (የፎሙ) ሥራ ከተጠናቀቀ ለ300 ካሬ ጫማ 3,000 ዋት ይበቃል፦ 12 ጫማ ያህል የግድግዳ ሥር ማሞቂያ፣ 240 ቮልት፣ ለብቻው 20 አምፔር መስመር። ፈቃድ አውጥተው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። መብራቱ 2,700 ኬልቪን (ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን)፣ ዲመር (ብርሃኑን ማሳነሻ) ያለው፣ ከግድግዳው 2 ጫማ ያህል ርቆ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ የሚያርፍ ይሁን። መሃል ላይ የሚንጠለጠል አንድ ነጭ አምፖል ዝቅተኛ ጣሪያን ይበልጥ ያወርደዋል።

እናትዎ እዚያ የሚተኙ ከሆነ በአደጋ ጊዜ ሰው የሚወጣበት መስኮት ወይም ወደ ውጭ የሚያወጣ በር የግድ ነው። የተለመደው የመስኮት ልክ 5.7 ካሬ ጫማ ክፍት ቦታ፣ ወርዱ ከ20፣ ቁመቱ ከ24 ኢንች የማያንስ፣ የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ ከ44 ኢንች የማይበልጥ ነው። ካውንቲው የራሱን ልክ ይነግርዎታል። ይህ ከሌለ ክፍሉ ሳሎን ይሁን፤ እናትዎ ላይ ይተኙ።

ከሰል ወደ ቤዝመንት አይውረድ፤ የሚያወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አይታይም፣ አይሸትም። ቡናውም ዕጣኑም በኤሌክትሪክ ይሁን። የጋዝ ማሞቂያው እዚያው ከሆነ አየር የሚያገኝበትን በድራይዎል አይድፈኑበት፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያም ይኑር። የጢስ ማንቂያውን ግን ከረከቦቱ አናት ላይ አያስሰቅሉት፤ ቡና በተቆላ ቁጥር ይጮህና አንድ ቀን ባትሪው ወጥቶ ሳይመለስ ይቀራል።